የገበያ ዋጋን በምድብ ከፍሎ በባለቀለም ሠንጠረዥ ስለማቅረብ
ለቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

ድርቅ በሚያጠቃቸው ወረዳዎች የተመደቡ የመረጃ ሠራተኞች በየሳምንቱ ገበያ እየዋሉ የእህልና የእንስሳት ዋጋ ይመዘግባሉ። የተመዘገበው ቁጥር ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልልና ወደ ማዕከል ሲተላለፍ ብዛቱ እየጨመረ፣ የሚመለከተው ኃላፊ ጊዜ ግን እያነሰ ይሄዳል። በሃያ ገበያዎች የአራት ዓይነት እህልና የሦስት ዓይነት እንስሳት ዋጋ በየሳምንቱ ቢመዘገብ፣ በአንድ ወር 560 ቁጥሮች ይሰበሰባሉ። እርዳታ የት ቀድሞ እንዲላክ የሚወስነው ኃላፊ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ሊያነብ አይችልም። በዚህም ምክንያት ዋጋን በምድብ ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ምድብ ቀለም ሰጥቶ በአንድ ገጽ ማቅረብ የተለመደ አሠራር ሆኗል።

የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው፤ ቀይ የተቀባው ቦታ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን ይስባል። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። አረንጓዴ የተቀባ ወረዳ ጥያቄ አይነሣበትም። አከፋፈሉ የተሳሳተ ከሆነ፣ ቀለሙ ስሕተቱን ይበልጥ አሳማኝ ያደርገዋል እንጂ አያርመውም። እንዲህ ባለ ስሕተት አረንጓዴ የሆነ ወረዳ እህል የጫነው መኪና ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል። ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሊሠሩ የሚገባቸውን ሥራዎች በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው።

1. ከወሎ ረሀብ የተገኘ ትምህርት

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሀብ የእህል ዋጋ ብቻውን ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳይ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ስለ ረሀብ ባሳተሙት መጽሐፍ በደሴ ገበያ የተመዘገበውን የእህል ዋጋ መርምረዋል። ረሀቡ በበረታበት ወቅት የነበረው ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው እምብዛም ከፍ ያለ አለመሆኑን፣ እንዲያውም በዚያው ጊዜ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የተጫነ እህል እንደነበረ አመልክተዋል። ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ምርቱ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም ያጣል። ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ምንም ያህል ቢራብ በገበያ ላይ ዋጋ አያስወድድም። በዚያ ረሀብ ይበልጥ የተጎዱትም የአፋር አርብቶ አደሮች፣ ጭሰኞች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ሸማኔዎችና በሰው ቤት አገልጋይነት የሚተዳደሩ ሴቶች፣ ማለትም የመግዛት አቅማቸው አስቀድሞ የተሟጠጠባቸው ወገኖች ነበሩ።

ይህን ማብራሪያ የተቃወሙ ተመራማሪዎችም አሉ። ደሴ በዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ ዋጋዋ ከመንገድ ርቀው የሚገኙትን ገበያዎች ሁኔታ ሊወክል አይችልም የሚል ክርክር አቅርበዋል። ክርክሩ በማንም ወገን ቢረታ ለሠንጠረዥ አዘጋጁ የሚሰጠው ትምህርት አይለወጥም። የመጀመሪያው አስተያየት ትክክል ከሆነ፣ የእህል ዋጋ ሰው ለመግዣ ከሚያቀርበው ነገር ጋር ሳይነጻጸር ብቻውን መቀባት የለበትም። ሁለተኛው ትክክል ከሆነ ደግሞ፣ የአንድ ከተማ ዋጋ የአካባቢው ሁሉ ዋጋ ተደርጎ መቀባት የለበትም። በሁለቱም መንገድ ቢታይ፣ የደሴን የእህል ዋጋ ብቻ ይዞ በዚያን ጊዜ ሠንጠረዥ የሠራ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ሕዝብ በሚያልቅበት ወቅት ወሎን አረንጓዴ ወይም ቢጫ በቀባት ነበር።

2. ምድቦችን መለየት

ምድብ ማለት ሊነጻጸሩ የሚገባቸውን ቁጥሮች አንድ ላይ ማኖር፣ የማይነጻጸሩትን መለየት ማለት ነው። ዋጋ ሲመደብ የሚከተሉት አምስት ነጥቦች መታየት ይኖርባቸዋል።

ሀ) መስፈሪያ። በጣሳ፣ በቁናና በዳውላ የተሰፈረ እህል ከገበያ ገበያ ይለያያል። በመሆኑም የየገበያው መስፈሪያ በሚዛን ተመዝኖ ዋጋው ሁሉ በኪሎ ግራም ሊገለጽ ይገባል። ይህ ሳይደረግ ሁለት ገበያዎችን ማወዳደር መስፈሪያዎችን እንጂ ዋጋን ማወዳደር አይደለም።

ለ) የእህሉ ዓይነት። ነጭ ጤፍ፣ ሰርገኛ ጤፍና ቀይ ጤፍ በአንድ ምድብ ሊጠቃለሉ አይገባም። ድሀው ቤተ ሰብ በችግር ጊዜ የሚገዛው ማሽላ ወይም በቆሎ ከሆነ፣ ለቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ዋናው መመልከቻ የጤፍ ዋጋ ሳይሆን የዚያ እህል ዋጋ ነው።

ሐ) የእንስሳው ሁኔታ። የሰባ ሙክትና የከሳ ጠቦት «በግ» ተብለው በአንድ ዓምድ ቢገቡ፣ በወሩ የታየው ለውጥ የዋጋ ይሁን የእንስሳቱ ክሳት ሊለይ አይችልም። ዕድሜው፣ ፆታውና የአካሉ ሁኔታ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

መ) የግብይቱ ደረጃ። ገበሬው የሸጠበት፣ ነጋዴው በጅምላ ያስረከበበትና ሸማቹ በችርቻሮ የገዛበት ዋጋ የተለያዩ ናቸው። እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ መንግሥት በኮታ የሚገዛበት የተወሰነ ዋጋ ከነጻው ገበያ ዋጋ ይለይ ነበር፤ ነጋዴውም እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንዳያዘዋውር ይገደብ ነበር። የዚያን ዘመን መዝገብ ለጥናት የሚጠቀም ሠራተኛ ሁለቱን ዋጋዎች ሳይለይ ቢያጠቃልል የተሳሳተ ሥዕል ያገኛል።

ሠ) የገበያው ዓይነት። ቆላና ደጋ፣ የበልግ አብቃይና የመኸር አብቃይ፣ ከመኪና መንገድ ዳር ያለና በእግር የሚደረስበት ገበያ እየተለዩ መመደብ አለባቸው። የወረዳ ድንበር ብቻውን ምድብ ሊሆን አይችልም። በአንድ ወረዳ ውስጥ ቆላው ሲራብ ደጋው ሊጠግብ ይችላልና።

3. የሚነጻጸረው ከምን ጋር ነው?

በመኸር አብቃይ አካባቢዎች የእህል ዋጋ አዝመራው በሚገባባቸው ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ይወርዳል። ጎተራ ባዶ በሚሆንበት በክረምት ደግሞ ይወጣል። ስለዚህ የሐምሌ ዋጋ ከጥር ዋጋ መብለጡ በራሱ የአደጋ ምልክት አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ ዋጋ በታኅሣሥ ሳይወርድ ከቀረ ነገሩ ከባድ ነው። የታኅሣሥን ዋጋ ከኅዳር ጋር ብቻ የሚያወዳድር ሠንጠረዥ «ለውጥ የለም» ብሎ አረንጓዴ ይቀባዋል። ይህ ግን መውረድ የነበረበት ዋጋ ያልወረደበት፣ አዝመራው አለመግባቱ የሚታወቅበት የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ የእያንዳንዱን ወር ዋጋ ካለፉት አምስት ዓመታት የዚያው ወር ዋጋ ጋር ማነጻጸር ነው። አምስቱን ዋጋዎች ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ደርድሮ የመካከለኛውን መውሰድ፣ ሁሉን ደምሮ ለአምስት ከማካፈል ይሻላል። በአንዱ ክፉ ዓመት የታየ እጅግ የናረ ዋጋ መነጻጸሪያውን ከፍ አድርጎ የዘንድሮውን ችግር ሊሸፍን ይችላልና።

የእንስሳት ዋጋም የራሱ ወቅት አለው። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ የበግና የፍየል ዋጋ ይወጣል፤ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይቀዘቅዛል። የኢድና የአረፋ በዓላት ደግሞ በየዓመቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሹ፣ በአንድ ወር ላይ ተወስነው አይቆዩም። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ የበዓላት ሳምንታት ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል።

4. የቀለም ወሰኖችን መወሰን

መነጻጸሪያው ከታወቀ በኋላ የየገበያው ዋጋ ከተለመደው በመቶ ስንት እንደሆነ ተሰልቶ ቀለም ይሰጠዋል። ለማስተማሪያ ያህል ለእህል ዋጋ የሚከተሉትን ወሰኖች መውሰድ ይቻላል።

ከ110 በመቶ በታች፦ አረንጓዴ
ከ110 እስከ 129 በመቶ፦ ቢጫ
ከ130 እስከ 159 በመቶ፦ ብርቱካንማ
160 በመቶና ከዚያ በላይ፦ ቀይ

ለሁሉም አካባቢ የሚስማማ አንድ ወሰን የለም። እያንዳንዱ ዞን ያለፉትን የክፉ ዓመታት መዝገብ አውጥቶ፣ ሕዝቡ መሰደድ የጀመረው ዋጋ ከየት ሲደርስ እንደነበረ ተመልክቶ የራሱን ሊወስን ይገባል። ዋናው ነገር ወሰኑ አስቀድሞ መወሰኑና ከወር ወደ ወር አለመለዋወጡ ነው።

በዚህ ረገድ በብዛት የሚታይ ስሕተት አለ። አንዳንድ አዘጋጆች የወሩን ዋጋዎች ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ደርድረው እኩል ቦታ ይከፍሉና ዝቅተኛውን ክፍል አረንጓዴ፣ ከፍተኛውን ቀይ ያደርጋሉ። የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም ካልተከለከሉ ይህንኑ ሲያደርጉ ይታያል። ዘጠኝ ገበያዎች ሁሉ ከተለመደው 150 እስከ 190 በመቶ ላይ ቢደርሱ፣ በዚህ አከፋፈል ሦስቱ አረንጓዴ ሆነው ይወጣሉ። ችግሩ አገር አቀፍ በሆነ ቁጥር ስሕተቱም ይከፋል። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ማን ከማን ይሻላል የሚለውን እንጂ ማን ተቸግሯል የሚለውን ጥያቄ አይመልስም።

ሁለተኛው ስሕተት ገበያዎችን በአማካይ መጨፍለቅ ነው። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የቀረቡ እንጂ የማንኛውም ገበያ መዝገብ አይደሉም።

ገበያ ሀ (ደጋ፣ መንገድ ዳር)፦ 90 በመቶ፤ አረንጓዴ
ገበያ ለ (ወይና ደጋ)፦ 95 በመቶ፤ አረንጓዴ
ገበያ ሐ (ቆላ፣ ከመንገድ የራቀ)፦ 175 በመቶ፤ ቀይ
የሦስቱ አማካይ፦ 120 በመቶ፤ ቢጫ

ወረዳው በአንድ ቀለም ቢቀባ ኃላፊው የሚያየው ቢጫ፣ ማለትም «በክትትል ላይ የሚቆይ» ወረዳ ነው። በገበያ ሐ ለሚገበየው ሕዝብ ግን ክትትል በቂ አይደለም። በመሆኑም ገበያዎች በምድባቸው ለየብቻ መቀባት አለባቸው፤ ማጠቃለል ግድ ከሆነም ከአማካዩ ጎን የከፋው ገበያ ቀለም መታየት ይኖርበታል።

5. የልውውጥ ምጣኔ

እስካሁን የተነገረው በትክክል ቢፈጸምም፣ ከወሎ የተገኘው ትምህርት ገና አልተሟላም። የእህል ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ገዢው ምን ይዞ እንደመጣ አይናገርም። ይህን የሚናገረው የልውውጥ ምጣኔ ነው፤ አንድ ፍየል ተሸጦ ስንት ኪሎ ግራም ማሽላ ይገዛል? የአንድ ቀን ምንዳስ ስንት ኪሎ ይገዛል?

ዋጋን ከገቢ ጋር አስተያይቶ በቀለም ማቅረብ የቆየ ሐሳብ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1821፣ ከ1565 ጀምሮ ያለውን የስንዴ ዋጋ በዓምዶች፣ የሠራተኛውን ሳምንታዊ ደመወዝ ደግሞ በመስመር አድርጎ በአንድ ባለቀለም ግራፍ አቅርቦ ነበር። ዓላማው ስንዴ ከደመወዝ ጋር ሲነጻጸር በእርሱ ዘመን የቀደመውን ጊዜ ያህል ውድ አለመሆኑን ለማስረዳት ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱን በአንድ ገጽ አቀረበ እንጂ አንዱን ለሌላው አላካፈለም። ስለሆነም ተመልካቹ ዋናውን ነገር በዓይኑ መገመት ግድ ሆኖበታል። የዛሬው አዘጋጅ ይህን ሥራ ለተመልካቹ መተው የለበትም፤ አካፍሎ ውጤቱን መቀባት ይገባዋል።

በሚከተለው ምሳሌ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በአንድ የቆላ ገበያ በጥር ወር የተለመደው የማሽላ ዋጋ በኪሎ 20 ብር፣ የፍየል ዋጋ 2,400 ብር ነው እንበል። አንድ ፍየል 120 ኪሎ ማሽላ ይገዛል ማለት ነው። ዘንድሮ ማሽላው 23 ብር ሆነ፤ ፍየሉ ደግሞ ብዙ ሰው እንስሳቱን ለሽያጭ በማውጣቱ ወደ 1,610 ብር ወረደ። የማሽላው ዋጋ ከተለመደው 115 በመቶ በመሆኑ ቢጫ ይቀባል። ፍየሉ ግን አሁን የሚገዛው 70 ኪሎ ብቻ ነው፤ ይህም ከተለመደው 58 በመቶ ነው። ለልውውጥ ምጣኔ 90 በመቶና ከዚያ በላይ አረንጓዴ፣ ከ75 እስከ 89 ቢጫ፣ ከ60 እስከ 74 ብርቱካንማ፣ ከ60 በታች ቀይ ተብሎ ቢወሰን፣ ገበያው ቀይ ይሆናል። ገበያው ያው ነው፤ ወሩም ያው ነው። የእህሉን ዋጋ ብቻ ያየ ኃላፊ ሊቆይ የሚችል ጉዳይ ነው ይላል፤ ምጣኔውን ያየ ግን አርብቶ አደሩ የእንስሳቱን ግማሽ ያህል ጉልበት እንዳጣ ይረዳል።

የልውውጥ ምጣኔ ሌላም ጥቅም አለው። በ2014 ዓ.ም. እንደታየው አጠቃላይ የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በሚሆንበት ጊዜ፣ የብር ዋጋን ካለፉት ዓመታት ጋር የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ ሁሉን ቀይ ያደርጋል። ሁሉም ቀይ ሲሆን ደግሞ የትኛውን ማስቀደም እንደሚገባ ለመለየት ያስቸግራል። ምጣኔው በኪሎ የሚገለጽ በመሆኑ የብር መርከስ ብቻውን አያዛባውም።

6. በሠፈራ አካባቢዎች

ቀለም የሚሰጠው ትርጉም ማን እንደሚሸጥና ማን እንደሚገዛ ይወሰናል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች እንዲሠፍር ተደርጓል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም በየክልሉ ውስጥ የሠፈራ ፕሮግራሞች ተካሂደዋል። የሠፋሪውን ኑሮ በዋጋ ለመከታተል የሚፈልግ ሠራተኛ በድርቅ ወረዳ የሚሠራበትን ሠንጠረዥ እንዳለ ቢወስድ ይሳሳታል።

የመጀመሪያውን አዝመራ ያልሰበሰበ ሠፋሪ እህል ገዢ ነው፤ ለእርሱ የበቆሎ ዋጋ መውደቅ እፎይታ ነው። አዝመራ የሰበሰበ፣ ነገር ግን ከመንገድ የራቀ ሠፋሪ ደግሞ በቆሎ ሸጦ ጨው፣ ዘይት፣ ልብስና መድኃኒት የሚገዛ ነው። ለእርሱ የበቆሎ ዋጋ መውደቅ ችግር ነው። በድርቅ ወረዳ ሠንጠረዥ ግን ይህ ውድቀት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ስለሆነም በሠፈራ አካባቢ ሁለት ምድቦች መዘጋጀት አለባቸው፤ ለገዢው የቀን ምንዳ በበቆሎ፣ ለሻጩ ደግሞ አንድ ኩንታል በቆሎ በጨው ወይም በዘይት ተለክቶ ይቀባል።

7. ስለ አቀራረቡ

ሀ) ዋጋ ያልተመዘገበበት ገበያ ነጭ ሆኖ ይተው፤ ፈጽሞ አረንጓዴ አይቀባ። እህል ባለመውጣቱ ዋጋ ያልተገኘ እንደሆነ፣ ወይም ገበያው ሳይቆም የቀረ እንደሆነ ደግሞ በልዩ ምልክት ይታይ። እህል የሌለበት ገበያ ዋጋ የለውም፤ ከሁሉ የከፋውም ሁኔታ ይኸው ነው።

ለ) ባለቀለም ወረቀት በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ቀይና አረንጓዴ ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚያዳግታቸው ሰዎችም አሉ፤ ይህም ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። ስለዚህ ለቢጫ ነጠብጣብ፣ ለብርቱካንማ አግድም መስመር፣ ለቀይ የተጣመረ መስመር ይጨመር፤ በየሳጥኑም የመቶኛው ቁጥር ይጻፍ።

ሐ) ገበያዎች በፊደል ተራ ሳይሆን በምድባቸው፣ በየምድቡም ውስጥ በመንገድ ቅደም ተከተላቸው ይደርደሩ። ወራት ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄዱ፣ ቀዩ ቀለም ከአንድ የቆላ ገበያ ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ገበያዎች እየተዛመተ መሄዱ በዓይን ይታያል።

መ) የዋጋ ቀለም የረሀብ ደረጃ ተደርጎ አይወሰድ። እ.ኤ.አ. በ2004 በሶማሊያ የተጀመረውና በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ አምስት ደረጃ የምግብ ዋስትና ምደባም ከአረንጓዴ እስከ ጥቁር ቀይ ያሉ ቀለሞችን ይጠቀማል። ያ ምደባ ግን የምግብ ፍጆታን፣ የሕፃናትን የምግብ እጥረትና የሞትን መጠን ጭምር የሚመረምር ነው። የዋጋ ሠንጠረዥ ለዚያ ምርመራ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች አንዱ ብቻ በመሆኑ፣ ርእሱ «የልውውጥ ምጣኔ» ወይም «የእህል ዋጋ» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው፣ ባለቀለም ሠንጠረዥ ለኃላፊው ጊዜ ይቆጥባል፤ ለሕዝቡም ጊዜ ሊያተርፍለት ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን መስፈሪያው አንድ ሲሆን፣ ገበያዎቹ በየባሕርያቸው ሲለዩ፣ መነጻጸሪያው የዚያው ወር ሲሆን፣ ወሰኑ አስቀድሞ ሲወሰንና ከእህሉ ዋጋ ጎን ሰው የሚሸጠው ነገር ዋጋ ሲታይ ነው። ቀይ የታየበት ገበያ ሠራተኛ ተልኮ ሊጎበኝ ይገባዋል። ከዚህም ባልተናነሰ፣ በዙሪያው ያሉ ገበያዎች ሁሉ ሲቀሉ እርሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ገበያ ሊጎበኝ ይገባዋል። እዚያ እህል ተትረፍርፎ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ በ1965 ዓ.ም. እንደሆነው፣ የሚገዛ ገንዘብ ጠፍቶ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከሠንጠረዡ ሳይሆን ከገበያተኛው አንደበት ነው።